ጅማ ያለ ማሳ አልጄሪያ እንዳይገኝ፦ የቡና ማሳ ምዝገባን ለማጥናት ለምትወጡ

አንድ ማታ አጋሮ በተከራየሁት ክፍል ቁጭ ብዬ የቀኑን ሥራ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩ። ስድስት ሆነን ቀኑን ሙሉ ጅማ ዞን፣ ጎማ ወረዳ ውስጥ የቡና ማሳ በስልክ ስንመዘግብ ውለናል። ካርታው ሲከፈት ግን ጎማ ላይ አንድም ነጥብ የለም። አሳንሼ ሳየው ነጥቦቻችን በሙሉ ሰሜን አፍሪካ ላይ ሰፍረዋል። አልጄሪያ ውስጥ፣ አናባ ከምትባለው የወደብ ከተማ ብዙ ሳይርቁ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የጎማ ኬክሮስ 7.8 አካባቢ ነው፣ ኬንትሮሱ ደግሞ 36.6። ፋይሉን ስቀይር ሁለቱ ቦታ ተለዋወጡ። ለማስተካከል ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ፋይል እንዳለ ለገዢ ቢላክ ኖሮ፣ የነዚያ ሰዎች ቡና ተመላሽ ይሆን ነበር። ለምን እንደተመለሰም ማንም አይነግራቸውም።

ከዚያ ወዲህ አራት የለቀማ ወቅት በዚሁ ሥራ ላይ አሳልፌያለሁ። መጀመሪያ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ፣ በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ። አሁን በየዓመቱ ተማሪዎች ይደውሉልኛል። «የቡና ሰንሰለት ላይ የቴክኖሎጂ አጠቃቀምን ላጠና ነው፣ ከየት ልጀምር?» ይላሉ። ለሁሉም በስልክ የምነግረውን ነው እዚህ የጻፍኩት።

ይህ ማሳ የመመዝገብ ነገር የመጣው ከአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ይህ ሕግ፣ ቡናን ጨምሮ ሰባት ዓይነት ሸቀጦች እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት እንዳልመጡ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ማረጋገጫው ከማሳው መገኛ ይጀምራል። ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው በመስመር ተከቦ መቅረብ አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ግን የመገኛው ቁጥር ከአስርዮሽ ነጥቡ በኋላ ቢያንስ ስድስት አሃዝ ይኑረው ይላል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለቴ ተገፍቷል። አሁን ለትላልቅና ለመካከለኛ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2026 ላይ ነው የተቀመጠው። ጀርመን፣ ቤልጂየምና ጣሊያን ከዋና ዋና ገዢዎቻችን ስለሆኑ ጉዳዩ የጎማንም፣ የሲዳማንም፣ የይርጋጨፌንም ገበሬ ይነካል። የሕጉ ነገር ለጊዜው ይህ ይበቃል። ወደ ሥራው እንግባ።

ከመጠይቁ በፊት አንድ ከረጢት ተከተሉ

ብዙ ተማሪ ከመጠይቅ ይጀምራል። እኔም እንደዚያው ጀምሬ ሦስት ሳምንት አባከንኩ። ቢሮ ተቀምጬ ያዘጋጀኋቸው ጥያቄዎች ቡናው ከሚሄድበት መንገድ ጋር አይገናኙም ነበር።

በእሸት ወቅት ውጡ፣ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ባለው ጊዜ። አመሻሽ ላይ እሸቱ የሚገባበት ቡና መፈልፈያ ጋ ሂዱና ሚዛኑ አጠገብ ቁሙ። ምንም አትጠይቁ፣ ዝም ብላችሁ እዩ። አንዱ በአህያ ይመጣል፣ አንዷ ከረጢቷን ተሸክማ። መዝጋቢው ስም ይጠራል፣ ኪሎ ይጽፋል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል። ቀጥሎ ከረጢቱ ይነሳና ቀዩ ፍሬ የሁሉም ቡና ወደሚገባበት ጉድጓድ ይገለበጣል። የማን እንደሆነ ከዚያ በኋላ አይታወቅም። ክሩ እዚህ ላይ ይበጠሳል።

አንድ ሒሳብ ልስጣችሁ። 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ እሸት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለውጭ ገበያ የሚዘጋጅ አንድ 60 ኪሎ ከረጢት 360 ኪሎ እሸት ይፈልጋል። በፈረሱላ፣ 17 ኪሎውን እንደ አንድ ብንቆጥር፣ 21 ፈረሱላ መሆኑ ነው። በአንድ ምሽት ሁለት ፈረሱላ የሚያመጣ ገበሬ ብዙ ነው። እንግዲህ በአንድ ከረጢት ውስጥ የአሥር ሰው ቡና አለ። «ይህ ከረጢት ከየትኛው ማሳ መጣ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። መልስ ያለው «የዚያን ቀን እሸት ያስገቡት እነማን ናቸው? ማሳቸውስ ሁሉ ተመዝግቧል?» የሚለው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ መረጃችሁ ሁለት ዝርዝር ነው፦ ሚዛኑ ላይ ያለው መዝገብና ስልኩ ውስጥ ያለው የማሳ መዝገብ። ጎን ለጎን አድርጓቸው። እኔ ያየሁት መፈልፈያ ላይ ስሞቹ በሁለቱ መዝገቦች የተለያየ አጻጻፍ ነበራቸው። በአንድ ቀበሌ ሦስት ጀማል መሐመድ ሊኖር ይችላል። የአባል ቁጥር ከሌለ ሁለቱን ማገናኘት አይቻልም። ውድ የሆነ ሶፍትዌር ገዝተው ሚዛኑ ጋ ያለውን ደብተር ያልነኩ ሰዎች አይቻለሁ። ለኔ አንድ የአባልነት ካርድ ላይ የተጻፈ ቁጥር ከዚያ ሶፍትዌር ይበልጣል።

ሌላም መንገድ አለ። ገበሬው ከለቀማ በፊት ገንዘብ ሲቸግረው ከሰብሳቢ፣ ማለትም ቡና እየዞረ ከሚገዛ ነጋዴ ይበደራል፣ በቡናው ይከፍላል። የሰብሳቢው ከረጢት ላይ ስም የለም። «ከቡናዎ ምን ያህሉን ለማህበር ሰጡ? ምን ያህሉንስ ለሰብሳቢ?» ብላችሁ ጠይቁ። ግን የገበሬዎቹ ማህበር ሊቀመንበር አጠገባችሁ ቆሞ እያለ አትጠይቁ። እርሱ ካለ መልሱ ሁልጊዜ «ሁሉንም ለማህበር» ነው።

ስልኩን ከኪስ ሳታወጡ

ቤት ስትገቡ ቡና ይፈላል። አቦሉን ጠጡ፣ አትቸኩሉ። ስልክ ይዞ ማሳ የሚዞር ሰው ሲያይ ገበሬው የሚያስበው ሁለት ነገር ነው፤ ግብር ሊጨምሩብኝ ነው ወይም መሬቴን ሊወስዱ ነው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም ብላችሁ አትከራከሩ። ለምን እንደመጣችሁ፣ ማን እንደላካችሁ፣ መረጃው ለማን እንደሚደርስ ተናገሩ። በሰውዬው ቋንቋ ይሁን። ጎማ ላይ ፎርማችን በአፋን ኦሮሞ ነበር። አማርኛውን እዚያው እየተረጎሙ መጠየቅ አይሠራም፤ ስድስት ሰው ስድስት ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል።

አንድ ሐጂ ነበሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው። ሁሉን ሰምተው ከጨረሱ በኋላ «ልጄ፣ ይህ ካርታ ማታ የት ያድራል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። መረጃው የት ኮምፒውተር ላይ እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚከፍተው፣ እርሳቸው ቢፈልጉት ከማን እንደሚያገኙት አላውቅም ነበር። ሐጂ አልተቆጡም። «እንግዲያው ስታውቂ ተመለሺ» አሉ። ትክክል ነበሩ። ሁለት ሳምንት አጣርቼ ተመለስኩ፣ አስመዘገቡ። እናንተ ይህን መልስ ከመውጣታችሁ በፊት ያዙት። ያላችሁበት ፕሮጀክት መልሱን ሊሰጣችሁ ካልቻለ፣ ያ ራሱ የጥናታችሁ አንድ ግኝት ነው፤ ጻፉት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ዋጋ ይጨምርልዎታል ብላችሁ ቃል አትግቡ። ምዝገባው ገበያው እንዳይዘጋ ሊረዳ ይችላል። ዋጋ ለመጨመሩ ግን ዋስትና የለም። ተስፋ ሰጥታችሁ ብትሄዱ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ተማሪ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል።

ማሳው ላይ

በኦዲኬ ወይም በኮቦ፣ ማለትም በስልክ መረጃ በሚሰበሰብባቸው መተግበሪያዎች የተሠራ ፎርም ይበቃችኋል። ሁለቱም ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ፣ ማታ ከተማ ስትገቡ ትልካላችሁ። ትርፍ ባትሪ ያዙ። ጂፒኤስ ስልክ ይጨርሳል።

በብዛት ያየሁት ስህተት ነጥቡን ደጃፍ ላይ መውሰድ ነው። መረጃ ሰብሳቢው ደክሞታል፣ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ማሳው ቁልቁል ወርዶ ነው ያለው። ስለዚህ ግቢው ውስጥ እንደቆመ ይጫናል። በኋላ በሳተላይት ሲታይ ቡና የለም፣ ቆርቆሮ ቤት ነው። ነጥብ የምትወስዱ ከሆነ የቡናው መሃል ግቡ። ገበሬው ሦስት ቦታ ቡና ካለው ሦስቱም ጋ ሂዱ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይመዝገብ።

ስልኩን ከፍታችሁ ወዲያው አትጫኑ። ስክሪኑ ላይ ስህተቱ በሜትር ይታያል። መጀመሪያ 40 ይላል፣ 20፣ 12 እያለ ይወርዳል። 5 ወይም ከዚያ በታች እስኪደርስ ጠብቁ። ጥቅጥቅ ባለ ጥላ ሥር ቶሎ አይወርድም። ቅጠል የሳሳበት፣ ሰማይ የሚታይበት ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ሕጉ የሚለው ስድስት አሃዝ መሬት ላይ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። የትኛውም የኪስ ስልክ ያን ያህል አይለካም። አሃዙ ብዙ ስለሆነ ልኩ ትክክል ነው ብላችሁ አትሸወዱ።

ሕጉ ለትንሽ ማሳ ነጥብ ይበቃል ቢልም፣ እኔ ሁሉንም ዙሩ እላለሁ። ሁለት ጥማድ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ገደማ የሆነ ማሳ በሩብ ሰዓት ይዞራል። ዙሪያው ካላችሁ ስፋቱ አላችሁ። ስፋቱ ካላችሁ የሚዛኑን መዝገብ መመርመር ትችላላችሁ። የአገራችን አማካይ ምርት በሄክታር ከ10 ኩንታል ንጹሕ ቡና በታች ነው። ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው 40 ኩንታል እሸት አስገባ ከተባለ፣ በሄክታር ከ13 ኩንታል በላይ ንጹሕ ቡና ሆነ ማለት ነው። ጎበዝ ገበሬ ሊሆን ይችላል። የጎረቤቱን ቡና በስሙ አስገብቶም ሊሆን ይችላል። ሄዳችሁ ጠይቁ። ገበሬው አብሯችሁ ይዙር፣ ከፊት እርሱ ይሂድ። ወሰኑን የሚያውቀው እርሱ ነው። ጎረቤትየውም ቢኖር ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ዛፉ። የእኛ ቡና ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ብርብራ ሥር ነው የሚበቅለው። ከላይ የሚያይ ሳተላይት ቡናውን አያየውም፣ ዋንዛውን ነው የሚያየው። በሕጉ ደን ማለት ከግማሽ ሄክታር በላይ የሆነ፣ ዛፎቹ ከ5 ሜትር የሚበልጡ፣ ጥላቸው ከመሬቱ 10 በመቶ በላይ የሚሸፍን ነው። በዋናነት ለእርሻ የሚውል መሬት፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ያለ ሰብልንም ጨምሮ፣ ደን አይባልም። ሰው ይህን ልዩነት ያያል። ሳተላይት ግን አይለየውም። እ.ኤ.አ. በ2020 ካርታ ላይ ደን ተብሎ የተመዘገበ የጥላ ቡና፣ በኋላ ጥላው ሲሳሳና ያረጀው ቡና ሲጎነደል ከላይ ምንጣሮ ሊመስል ይችላል። ገበሬው ግን ያደረገው የልማት ሠራተኛው የመከረውን ነው። ስለዚህ ፎቶ አንሱ። በአራቱም አቅጣጫ አንድ አንድ፣ አንድ ወደ ላይ፣ አንድ ደግሞ የቡናውን ግንድ ከሥሩ። የተጎነደለ ካለ ጉቶውንና የበቀለውን ቀንበጥ አንሱ። አሮጌ ጉቶ ከየትኛውም ወረቀት በላይ ይመሰክራል።

ዘመኑን መጠየቅ

ይህ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ብዙ ጥናት አበላሽቷል። ገበሬው «በ2012 ነው የተከልኩት» ይላል። ፎርሙ ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የተሠራው። መረጃ ሰብሳቢው 2012 ብሎ ይጽፋል፣ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተሰደደ። ወይም ሌላው በጭንቅላቱ ይደምርና አንዳንዴ ሰባት፣ አንዳንዴ ስምንት ይጨምራል። ፎርሙ ላይ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ብቻ አስገቡ። ቅየራውን ኮምፒውተሩ ይሥራ።

የሕጉ ቀን በእኛ ታህሳስ 22 ቀን 2013 ነው። ይህን ቀን ማንም ገበሬ አያስታውሰውም። ኮሮናን ግን ሁሉም ያስታውሳል። ትምህርት ቤት የተዘጋው መጋቢት 2012 ነው፣ ከዘጠኝ ወር በፊት። «ይህን ማሳ ቡና ያደረጉት ልጆች በኮሮና ቤት ከመዋላቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ። «በፊት» ካለ ጨርሳችኋል። «በኋላ» ካለ ወደ ዝርዝሩ ግቡ፤ ከዚያ በፊት መሬቱ ምን ነበር? በቆሎ? ግጦሽ? ጫካ? መልሱን ለጎረቤትም ጠይቁ።

«ተቀብለውታል?» የሚለው ጥያቄ

ፍሬድ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረበው ሐሳብ አለ። ሰው አንድን ቴክኖሎጂ የሚቀበለው ሁለት ነገር ሲያምን ነው ይላል፦ ይጠቅመኛል ብሎና አይከብደኝም ብሎ። የአገራችን ተማሪ አብዛኛው ይህን ይዞ ይወጣል። ዴቪስ ያጠናው ግን ኮምፒውተሩን ራሳቸው የሚጠቀሙ ሰዎችን ነው። እዚህ ስልኩን የያዘው መረጃ ሰብሳቢው ነው። ስልኩን ነክቶ የማያውቅን ገበሬ «አጠቃቀሙ ቀላል ነው?» ብሎ መጠየቅ ምን ትርጉም አለው? እኔ ጥያቄዎቹን ለየኋቸው። ቀላልነቱን የሚዛን መዝጋቢውንና የዩኒየኑን፣ ማለትም የማህበራቱን ጥምረት መረጃ ያዥ እጠይቃለሁ። ገበሬውን የምጠይቀው ስለ ጥቅሙና ስለ እምነቱ ነው።

ከ1 እስከ 5 ስጡ ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም 5 ይሰጣችኋል። እንግዳ ናችሁ፣ ቡና ጠጥታችኋል፤ ማን ሊያስቀይማችሁ? እኔ ጥያቄውን ተውኩትና አሥር የቡና ፍሬ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ሦስት ወረቀት መሬት ላይ አነጥፋለሁ፦ አንዱ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ አንዱ የሚዛን ደረሰኝ፣ አንዱ ካርታ። «ለቡናዎ የትኛው ይጠቅምዎታል? ፍሬዎቹን ያካፍሉ» እላለሁ። አሥር ፍሬ ለሦስት ሲካፈል ይሉኝታ ቦታ የለውም።

አንዲት እናት፣ ባላቸው ሞተው ማሳውን ራሳቸው የሚያለሙ፣ ስምንቱን ደብተሩ ላይ አስቀመጡ። ሁለቱን ደረሰኙ ላይ። ካርታው ላይ ምንም።

«ካርታውስ እማማ?» አልኳቸው።

«እኔ መቼ አየሁት? እናንተ አይደላችሁ ይዛችሁት የሄዳችሁት?»

የአንድ ዓመት ጥናቴ ያለቀው እዚያ ነው ብል አላጋነንኩም። ማህበሩ የእርሳቸውን ማሳ «ተመዝግቧል» ብሎ ቆጥሯል። ሪፖርቱ ላይ ቴክኖሎጂውን ከተቀበሉት ውስጥ ናቸው። እርሳቸው ዘንድ ግን ምንም የለም። ስለዚህ መመዝገብንና መጠቀምን ለይታችሁ ለኩ። «ይጠቀማሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ «ያሳዩኝ» በሉ። ደረሰኙን፣ ካርዱን፣ ካርታውን ያሳዩኝ። መዝጋቢውንም እንዲሁ፦ የትናንቱን ቀን ስልኩ ላይ ክፈትልኝ።

ሴቶችን ለብቻ ጠይቁ፣ የምትጠይቃቸውም ሴት ትሁን። ቡናውን የሚለቅሙት፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ የሚያገላብጡት፣ የሚለዩት በአብዛኛው እነርሱ ሆነው መዝገቡ ላይ ግን የባል ስም ብቻ ነው ያለው። ከሊቀመንበሩ ዝርዝር ውጪ ያሉትንም ፈልጉ፤ ያልተመዘገቡትን፣ እምቢ ያሉትን። እምቢ ያለ ሰው ምክንያቱን ሲነግራችሁ ብዙ ትማራላችሁ።

ማታ

በየማታው ካርታውን ክፈቱ፣ ለሳምንት አታጠራቅሙ። ነጥቦቹ ወረዳው ውስጥ ናቸው? የካርታ መረጃ በሚያዝበት ጂኦጄሰን በሚባለው ዓይነት ፋይል ላይ ኬንትሮስ ይቀድማል፣ ኬክሮስ ይከተላል፤ እኛ ስንናገር በተቃራኒው ስለሆነ ነው የሚምታታው። ኤክሴል ከፍታችሁ ካስቀመጣችሁ አሃዞቹ ተቆርጠው እንደሆነ እዩ። ሁለት ማሳ ተደራርቦ ከሆነ የሳተው መስመር የማን እንደሆነ በማግስቱ ሄዳችሁ አጣሩ፤ ኮምፒውተር ላይ በግምት አትቁረጡት። ስምና ስልክ ቁጥር ያለበትን ፋይል ከካርታው ለይታችሁ በይለፍ ቃል ዝጉት።

ከእማማ መልስ በኋላ ከጥናቴ በጀት ቀንሼ የእያንዳንዱን ማሳ ካርታ በወረቀት አሳተምኩ። ስም፣ የአባል ቁጥር፣ ስፋቱ በሄክታርም በጥማድም። ዝናብ እንዳይነካው በፕላስቲክ አስለበጥኩት። ቤት ለቤት ዞረን አደልን። ፕሮፖዛላችሁ ላይ ከመጀመሪያው ለዚህ የሚሆን ብር ያዙ።

በሚቀጥለው ጥቅምት መፈልፈያው ጋ ቆሜ ሳለ እማማ መጡ። ከረጢታቸው ተመዝኖ ደረሰኛቸውን ከተቀበሉ በኋላ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈቱ። የመሬት ደብተሩ፣ በውስጡም ካርታው። አወጡና ጣታቸውን አንድ ጥግ ላይ አሳረፉ።

«ይኸ ልክ አይደለም። ወንዙ ከዚህ ማዶ ነው። ሁለቱን ዋንዛ ትታችሁብኛል።»

በማግስቱ ጠዋት አብረን ዞርን። መስመሩ 20 ሜትር ያህል ስቶ ነበር።